ይድረስ በአባይ ሚዛን ለመዘናችሁ

ይድረስ ለኤንኤፍኤል፣ ማለትም ለአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ኃላፊዎች፤ የካሳውን ውል ለተዋዋላችሁ የሁለቱም ወገን ጠበቆች፤ ዘርን የሚቆጥረውን ቀመር ለሥራ ላዋላችሁ ባለሙያዎች፦

በአማርኛ የምጽፍላችሁ ጉዳዩ እኛንም ስለሚነካ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የምኖር አረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ። የወገኖቼ ልጆች የራስ ቁር አጥልቀው ግንባር ለግንባር ሲጋጩ አያለሁ። የሆስፒታል ቅጽ ሲሰጠንም «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት የምናደርገው እኛም ነን።

አንጎል ሲጎዳ ሰው ምን እንደሚሆን ሥራዬ በየቀኑ ያሳየኛል። የጣደውን ድስት ይረሳል፤ ልጁን በወንድሙ ስም ይጠራል፤ ሳሎኑ መሐል ቆሞ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል። ከሐኪሙም ከራሱ ከታማሚውም ቀድማ የምታውቀው ሚስት ናት። የተጫዋቾቻችሁ ሚስቶችም ቀድመው አወቁ፤ የእነርሱ ባሎች ግን ገና ጎልማሶች ነበሩ።

የቀድሞው ተጫዋች ማይክ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት ዕድሜው 50 ነበር። ፒትስበርግ ውስጥ አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በአንጎሉ ውስጥ ያገኘውን፣ ከተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣ ሕመም በ2005 አሳተመ። የእናንተ ሐኪሞች ግን ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ። ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያጠናውን ኮሚቴያችሁን ለዓመታት የመራው ሰው የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ነበር። ሌላው የቀድሞ ተጫዋች ዴቭ ዱርሰን በ2011 ራሱን ሲያጠፋ አንጎሉ ለምርመራ እንዲሰጥ ተናዝዞ ነው። ሰው ሬሳውን ምስክር አድርጎ እስኪያቀርብ ድረስ አልሰማችሁም።

በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኞች ከሰሷችሁ። ፊላደልፊያ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት የካሳውን ስምምነት በ2015 አጸደቀ። ጥፋት አለብን ሳትሉ ለመክፈል ተስማማችሁ። የግጭቱ ሕመም በሕይወት ባለ ሰው ላይ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ አንጎሉ ከሞት በኋላ በአጉሊ መነጽር መታየት አለበት። ስለዚህ በሕይወት ያለው ሰው የመርሳት ካሳ በፈተና ውጤት ላይ ተንጠለጠለ።

ፈተናው ሲታይ ቀላል ነው። መርማሪው የቃላት ዝርዝር ያነባል፣ ሰውየው ይደግማል፤ ሌላ ሌላውን ሲሠሩ ቆይተው ቃላቱን እንደገና ይጠየቃል። የዚያን ጊዜ ላቡ በፊቱ ሲወርድ የማየው ስንቱን ነው! ምን ያህል እንዳጣ ለማወቅ ግን ድሮ ምን ያህል እንደነበረው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ አልተመዘገበም። በዚህ ክፍተት ግምት ገባ። ውጤቱ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በጾታና በዘር ከሚመስሉት ሰዎች አማካይ ጋር ይነጻጸር ነበር። የጥቁሮቹ አማካይ ዝቅ ያለ ሆኖ ስለተቀመጠ፣ እኩል ነጥብ ካመጡ ሁለት ሰዎች ነጩ ታማሚ ሲባል ጥቁሩ «ድሮም እንዲህ ነበር» ተባለ።

ይህ የዘር ማስተካከያ ሲጀመር ለክፉ እንዳልታሰበ አውቃለሁ። በዘር መለያየት ከጥሩ ትምህርት ቤት የተከለከለ ጤነኛ ጥቁር አዛውንት በስህተት የመርሳት በሽተኛ እንዳይባል ነበር። አስፈላጊነቱም ይገባኛል። አንዲት እናት ሰዓት ስለው 11 ከ10 ላይ እንዲያደርጉ ተጠይቀው፣ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ አደረጉት፤ የሳሎናቸው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 11 ሲሆን የሚያሳየው እሱን ነዋ! የሰውን አስተዳደግ ያላወቀ ፈተና ጤነኛውን ያሳምማል። እናንተ ግን የሰውየውን አስተዳደግ መቼ ጠየቃችሁ? የየትኛው ከተማ ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ ስንት የጨዋታ ስልት በቃሉ ይዞ ሜዳ ይገባ እንደነበር ማን መረመረ? ቆዳውን አይታችሁ አለፋችሁ። ጤነኛውን ከሐሰት ምርመራ ለማዳን የተሠራው ነገር በእናንተ እጅ የታመመውን ከደጅ የሚመልስ ሆነ።

ጥቁሮቹ የቀድሞ ተጫዋቾች ኬቪን ሄንሪና ናጄህ ዳቨንፖርት በ2020 ፍርድ ቤት ሄዱ። «ቀመሩ ግዴታ አይደለም፣ ለሐኪሙ ውሳኔ የተተወ ነው» አላችሁ። ታዲያ የዳቨንፖርት ጥያቄ ያለ ዘር ማስተካከያ ተቀባይነት ሲያገኝ ይግባኝ ያላችሁት እነማን ናችሁ? ግዴታ ካልነበረ ባለመጠቀሙ ለምን ተከራከራችሁ? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ጥያቄ ግን ማንም ያልተማረች እናት ትጠይቃችኋለች።

ክሱ በ2021 ውድቅ ሆነ፤ ዳኛዋ ግን ወደ ሽምግልና መሯችሁ። የቀድሞው ተጫዋች ኬን ጄንኪንስና ባለቤቱ ወደ 50,000 የሚጠጋ ፊርማ ይዘው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ቀመሩን እንደምትተዉ ያስታወቃችሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አዲሱ ስምምነት በ2022 ጸደቀ። የ646 ጥቁር ተጫዋቾች ፈተና እንደገና ሲታረም 61ዱ ለመርሳት ሕመም ካሳ በቁ፤ ወደ 250 የሚጠጉት ደግሞ ቀለል ያለ ጉዳት እንዳለባቸው ታወቀ። ማንም አዲስ ፈተና አልተፈተነም። ወረቀቱ ያው ነው፣ የተሳሳቱት ቃላት እነዚያው ናቸው፤ የተነሣው በዘራቸው የተጨመረላቸው ነጥብ ብቻ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከገንዘቡ ይልቅ በመሐል የጠፋው ጊዜ ነው። በዚህ ሕመም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋ አላቸው፤ ሰውየው ገና ከልጆቹ ጋር ያወራል፣ ስለ ራሱ ይወስናል፣ ኑዛዜውን ይናገራል። «ደህና ነህ» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሚስቱ ስታለቅስ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው ይላል። ሰነፍ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ጠባዩ ተበላሽቷል ተብሎ ትዳር ይፈርሳል። የዘገየ ቼክ ያንን አይመልስም። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በዘሩ ምክንያት ውጤቱ ለተዛባበት ለእያንዳንዱ ሰው ደብዳቤ ጻፉለት። በወቅቱ ያገኘውን ነጥብ፣ ነጭ ቢሆን ኖሮ ይባል የነበረውን፣ እናንተ ያላችሁትን በግልጽ አስፍሩ። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ጨምሩበት። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ከሌለች ለልጆቹ ይድረስ። ከታችም የድርጅቱን ማኅተም ብቻ አታሳርፉበት፤ የወሰናችሁት ሰዎች በየስማችሁ ፈርሙ።

ከሜሪላንድ፣
አንዲት አረጋውያን ተንከባካቢ