ወንዙ ተጠንቷል፤ ያነበበው ማን ነው?

ጨሞጋ ከጮቄ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ይህን ወንዝ አንድ ተማሪ አጥንቶታል። ወልደአምላክ በውቀት በኔዘርላንድ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ 364 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሆነው የጨሞጋ ተፋሰስ ነው።

ከዚያ ሥራ የወጣው ውጤት ለችግኝ ዘመቻ ጆሮ አይጥምም። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 የደን ሽፋኑ በጥቂቱ ጨምሯል፤ የጨመረው ግን በባሕር ዛፍ ነው። የወንዙ የበጋ ፍሰት ደግሞ ቀንሷል። ጥፋቱ ሁሉ የባሕር ዛፍ ነው አልተባለም፤ የተፈጥሮው ዕፅዋት መመናመን፣ የእርሻ መስፋፋትና ልቅ ግጦሽ አብረው ተቆጥረዋል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ?» ሳይሆን «ምን፣ የት ተተከለ?» ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሙያ ደግሞ የላንድስኬፕና የአካባቢ ንድፍ ነው።

ገበሬው ባሕር ዛፍ ይተክላል ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። አጣናው ግን የልጅ ደብተርና የቤት ቆርቆሮ ይገዛል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ዲዛይነር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፦ ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር አርቆ ቦታ የሚመርጥለት፣ ለዳገቱ ኮሶና ወይራ የሚያስብ።

«የተማሪ ጥናት ጥሬ ነው» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። ዓለማየሁ ዋሴም ተማሪ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ሥራውን ያቀረበው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከብት በሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይጸና አሳየ። በደቡብ ጎንደር ካህናቱና ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው ደኖቻቸውን አጠሩ፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። ጥናቱ መሬት የነካው ደኑን ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር በቋንቋቸው ስለተነጋገረ ነው።

ሌላው ተማሪስ? በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ይከላከላል፣ ያስጠርዛል፣ ይመረቃል። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ጥናቱ የተሠራበት ቀበሌ አንድ ገጽ እንኳ አይደርሰውም። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ ማንም አልጠየቀውም። ከተሞች በበኩላቸው በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውን የኮሪደር ልማት መልክ መቅዳት ይቀናቸዋል፦ ሣር፣ ዘምባባ፣ መብራት። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጽድና ወይራ የሚያውቃት ደብረ ማርቆስ ዘምባባ ምን ያደርግላታል? (ሣሩ በበጋ በምን ውኃ እንደሚጠጣ የሚጠይቅም የለም።)

የሚፈለገው አዲስ ቢሮ አይደለም። በጎጃም መሬት ላይ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከነካርታው በሁለት ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለማዘጋጃ ቤቱና ለቀበሌው ይሰጥ፤ ያለዚያ መከላከያው አይያዝ። ማዘጋጃ ቤቱም አረንጓዴ ቦታ ሲነድፍ የትኛውን ጥናት እንዳየ፣ ካልተቀበለው ለምን እንዳልተቀበለው በጽሑፍ ያሳውቅ። ዩኒቨርሲቲውና ማዘጋጃ ቤቱ የሚገኙት በአንድ ከተማ ነው፤ ወረቀቱ በባጃጅ ይደርሳል።