ወደ ኋላ የሄደው ድንጋይ

ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ሳቁ፤ አልቀየምም። ስትስቁ ግን አንድ ቁም ነገር ያዙ።

ቦታው ቢቸና ነው፤ ከደጋው ወረድ ብሎ ማሽላ የሚዘራበት። ወሩ ጥቅምት፣ ማሽላው እሸት ነበር። ማሽላ ሲያሸት ወፍ ከሰማይ፣ ዝንጀሮ ከገደል ይመጣል። ጠባቂ አንድ ቀን ቢዘናጋ የቤተሰብ ቀለብ ይጎድላል። ስለዚህ ገበሬው ከጎህ እስከ ማታ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ያባርራል።

ያረፍኩበት ቤት አባወራ የማታ ተማሪዬ ናቸው። ፊደሉን ለይተዋል። «አባቴ፣ እስቲ ያንብቡልን» ስላቸው ግን «ዓይኔን አሞኛል» ይሉኛል። ማሽላ ላይ ያረፈችን ወፍ ከሩቅ የሚለይ ዓይን፣ ጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ሲደርስ ይታመማል!

አንድ ቀን ማማው ሥር ሄድኩ።

«አባቴ፣ ወንጭፉን ልሞክረው?»

«ትችልበታለህ ወይ የኔታ?»

«ምን አለው! አሽከርክሮ መልቀቅ አይደል?»

ወንጭፍ ሁለት ገመድ አለው። መሐሉ ላይ የድንጋይ ማቀፊያ አለ። የአንዱን ገመድ ጫፍ ጣት ላይ ያጠልቁታል። የሌላውን ጫፍ በዚያው እጅ ይይዙታል። አሽከርክረው ይህንን ጫፍ ይለቁታል። ድንጋዩም ሲለቁት ወደ ዞረበት አቅጣጫ ይወረወራል። ሙያው ያለው መልቀቁ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ቶሎ ለቀቅኩት። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። ወፎቹ ከማሽላው ንቅንቅ አላሉም። ሲወጣ አየሁት፤ ሲመለስም አየሁት። ሮጥኩ! ድንጋዩ ቆሜበት የነበረው ቦታ ላይ ዱብ አለ።

ሁለተኛውን «አሁንስ አልቸኩልም» ብዬ አዘገየሁት። ድንጋዩ ዞሮ ወደ ኋላዬ ወጣ። ከዚያ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቤቱ እመቤት ምሳ ይዘው መጥተው፣ የጠላውን ገምቦ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ኖሯል። ገምቦው ተሰበረ፤ ጠላውን መሬት ጠጣው። ከገምቦው አንድ ክንድ ርቃ ትንሿ ልጃቸው ተቀምጣ ነበር።

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ጉልበቴ ከዳኝ። ልጅቷ ደህና መሆኗን ካየን በኋላ ነው ሳቁ የመጣው። «ዳዊት ቢያይህ ኖሮ ያለቅስ ነበር!» አሉኝ ሽማግሌው።

ይህን ሞጣ ለሚያስተምረው ጓደኛዬ ጻፍኩለት። እሱም የራሱን ጉድ ጻፈልኝ። ገመዱን ጣቱ ላይ ማጥለቅ ረስቶ፣ ወንጭፉ ከነድንጋዩ ከእጁ አምልጦ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። እሱ ዛፍ ላይ ሲወጣ ዝንጀሮዎቹ ማሽላው ውስጥ ገቡ።

በሩቅ አገር፣ በአውስትራሊያ፣ ቡመራንግ የሚባል የመወርወሪያ እንጨት አለ። እንደ ታጠፈ ክንድ ጎበጥ ያለ ነው። የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ለአደንና ለጨዋታ ሠርተውታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ከረግረግ መሬት ተቆፍረው የወጡት 10,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ናቸው። ከባዱ ዓይነት ሄዶ ይቀራል። ቀላሉ ግን ዞሮ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። እየተሽከረከረ ሲሄድ የላይኛው ክንዱ ከታችኛው ይልቅ አየሩን በፍጥነት ይቀዝፋል። በዚህም አየሩ ሁለቱን እኩል ስለማይገፋቸው መንገዱ ይጠመዘዛል። እዚያም ቢሆን ጀማሪ ሲዘናጋ የገዛ እንጨቱ ግንባሩን ይለዋል። የእነሱ በብልሃት ይመለሳል፤ የእኔ ባለማወቅ ተመለሰ።

ሽማግሌው ወንጭፉን ተቀብለው ሦስት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛ፣ ከመወርወርህ በፊት ዞረህ እይ። ሁለተኛ፣ ልጆችን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ከኋላም አርቅ። ሦስተኛ፣ በጓል ተማር። ጓል ቢስት ይፈርሳል፤ ድንጋይ ቢስት ዓይን ያጠፋል።

ማታ ክፍል ውስጥ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ከኋላ ተነሡ።

«ዛሬ እኔ አነባለሁ። የኔታ ገምቦ ሰብሮ ካላፈረ፣ እኔ ፊደል ብስት ምን አለበት!»

ሰሌዳው ላይ «ማሳ» የሚል ተጽፏል። እርሳቸው «ማላ» አሉ። ተሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ጠጋ ብለው ደግመው አዩና «ማሳ!» አሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡ። ዓይናቸውም ከዚያ ማታ ጀምሮ ታሞ አያውቅም።

ወዳጆቼ፤ ፊደል እንደ ጓል ነው። ቢስቱት ማንንም አይጎዳም፤ ደግመው ያነሡታል። ገምቦውን ግን ገበያ ወጥቼ ተክቻለሁ።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
1. ሽማግሌው «ዓይኔን አሞኛል» ይሉ የነበረው ለምንድን ነው?
2. በእናንተ ሰፈር ልጆች ወንጭፍ የሚማሩት በጓል ነው ወይስ በድንጋይ?