ሰዓቱ በማን እጅ ነው?
ስለ ፍሬደሪክ ቴይለር የሥራ ዘመንና ስለ ራሳችን

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዘ ሄግ ከተማ፣ በሙርዋይክ ሠፈር ፎቆች ውስጥ የምንኖር ስደተኛ ተማሪዎች ብዙዎቻችን ሁለት ዓይነት ኑሮ እንኖራለን። ቀን ስለ ፕላን፣ ስለ አስተዳደርና ስለ ምርታማነት እንማራለን። ማታ ከሙርዋይክ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ወደ መጋዘን እንሄዳለን። እኔ በምሠራበት መጋዘን በእጅ አንጓ ላይ የምትታሰር መሣሪያ አለች። ያነሣሁትን ካርቶን ሁሉ ትቆጥራለች፤ ከተመደበልኝ ልክ ዝቅ ስል ለካቦው ትናገራለች። ባለፈው ክረምት አንድ ያገራችን ልጅ ወገቡን አሞት ለሦስት ሌሊት ከልኩ በታች ወረደ። በአራተኛው ቀን «ከእንግዲህ አትምጣ» የሚል መልእክት ደረሰው። ምክንያቱን የጠየቀው፣ መልስም የሰጠው ሰው አልነበረም።

ይህች መሣሪያ ከሰማይ አልወረደችም። አባት አላት፤ አባቷም አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ዊንስሎው ቴይለር ነው። የዚህን ሰው የሥራ ዘመን መመርመር የታሪክ ጨዋታ አይደለም። ነገ አገራችን ገብተን በፕላን ቢሮና በፋብሪካ አስተዳደር የምንቀመጠው እኛ ስለሆንን፣ ጉዳዩ የራሳችን ጉዳይ ነው።

ቴይለር በ1856 በፊላደልፊያ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የሃርቫርድን መግቢያ ፈተና ካለፈ በኋላ ዓይኑን ስለታመመ፣ በ1874 በፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ የእጅ ሙያ ተለማማጅ ሆነ። በ1878 ሚድቬል በተባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ በተራ ሠራተኛነት ገብቶ ቶሎ ካቦ፣ ኋላም ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ። ካቦ ሲሆን ሠራተኞቹ ሆን ብለው ቀስ እንደሚሉ ያውቅ ነበር። ምክንያቱንም አልሳተውም። በሠራው ቁጥር የሚከፈለው ሠራተኛ ፈጥኖ ብዙ ሲያመርት ጌታው የእያንዳንዱን ዋጋ ይቀንስበታል፤ ትርፉ ድካም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ማለት ስንፍና ሳይሆን የሠራተኛው ጋሻ ነበር። ቴይለር ይህን ጋሻ ለመስበር ሦስት ዓመት ያህል ከገዛ ሠራተኞቹ ጋር ታገለ።

ከዚህ ትግል ያወጣው ዘዴ ምን ነበር? የጋሻው ብረት ዕውቀት መሆኑን ተረዳ። አንድ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቀው ሠራተኛው እንጂ ጌታው አልነበረም። ቴይለር ሰዓት ይዞ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ ቆጠረ፣ ከፋፈለ፣ በወረቀት ላይ አሰፈረ። ዕውቀቱ ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ቢሮ ገባ። ከዚያ በኋላ ማሰብ የቢሮው፣ መታዘዝ የሠራተኛው ድርሻ ሆነ።

በ1899 በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ የሆነው የዚህ ዘዴ ዝነኛ ምሳሌ ነው። ቴይለር እንደሚተርከው፣ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ጥፍጥፍ ተሸክሞ ፉርጎ ላይ የሚጭን ሠራተኛ በቀን 12 ቶን ተኩል ይጭን ነበር። ሽሚት ብሎ የጠራውን አንድ ሠራተኛ መርጦ፣ «አንሣ» ሲባል እንዲያነሣ፣ «ዕረፍ» ሲባል እንዲያርፍ አድርጎ 47 ቶን ተኩል አስጫነው። ይህ በቀን ከ1,100 ጥፍጥፍ በላይ ነው። ደሞዙ ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 ከፍ አለ። ሒሳቡን እንሥራው፤ ሥራው ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ ደሞዙ የጨመረው 60 በመቶ ያህል ነው። ተመራማሪዎች በ1974 እንዳሳዩት ትረካው ራሱ ብዙ ቅብ አለበት።

ቴይለር ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን ሰው በአእምሮው በሬን የሚመስል ነው ብሎ ጽፏል። ያገራችን ገበሬ ግን በሬውን እንኳ በዚህ ዓይን አያየውም። ፀሐይ ስትከር ከቀንበር ይፈታዋል፤ ለነገው እርሻ እንደሚያስፈልገው ያውቃልና። የቅጥር ሠራተኛ ጌታ ግን የደከመውን አባሮ በሌላ ይተካል።

የአሜሪካ ሠራተኞች ዝም አላሉም። ቴይለር የሳይንሳዊ አስተዳደር መጽሐፉን ባወጣበት በ1911 ዓመት፣ በወተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያሉ ሠራተኞች በሰዓት አንቆጠርም ብለው ሥራ አቆሙ። ጉዳዩ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ቴይለር በመርማሪዎች ፊት ቆመ። በ1915 ምክር ቤቱ በጦር ፋብሪካዎች ውስጥ በሰዓት መቁጠርን ከለከለ። ቴይለርም የሞተው በዚያው ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶችን ማንሣት ያስፈልጋል። አንዳንድ ወገኖች «ይህ ሳይንስ ነው፤ ሳይንስ ደግሞ ወገን የለውም» ይላሉ። ሌሎች «የከበርቴ ተንኮል ስለሆነ ከነአካቴው ይጣል» ይላሉ። ሌኒን ራሱ በ1914 የቴይለርን ዘዴ ሰውን የመኪና ባሪያ የሚያደርግ ነው ብሎ ነቅፎ፣ በ1918 ሥልጣን ላይ ሆኖ ግን ሩሲያ ልታጠናውና ልታስተምረው እንደሚገባ ጽፏል። ከዚህ የምንማረው ፋብሪካውን የያዘ ሁሉ ሰዓቱን እንደሚፈልገው ነው። ድሃ አገርም ያለ ምርታማነት ከድህነት አይወጣም። ስለዚህ ጥያቄው ሰዓቱ ይኑር አይኑር ሳይሆን በማን እጅ ነው የሚል መሆን አለበት።

ለዚህ ማስረጃ ከራሳችን ታሪክ አለን፤ ታሪኩም ከዚህ ከሆላንድ ይጀምራል። ኤች.ቪ.ኤ. በ1879 በአምስተርዳም የተመሠረተ፣ ዛሬ ኢንዶኔዢያ በምትባለው የሆላንድ ቅኝ ግዛት በስኳር የከበረ ኩባንያ ነበር። ኢንዶኔዢያ ነጻ ስትወጣ ሌላ መሬት ፈለገ፤ በ1951 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ። የወንጂ ፋብሪካ በ1954፣ የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ሥራ ጀመሩ፤ መተሐራም ተከተለ። በወንጂ የጅሌ ኦሮሞ፣ በመተሐራ የከረዩ ከብት አርቢዎች ግጦሻቸውን አጡ። ከከምባታ፣ ከሐድያና ከወላይታ ብዙ ሺህ ወጣት ሸንኮራ ሊቆርጥ መጣ። የተቆረጠ ሸንኮራ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መፍጫው ቀን ከሌሊት ይሽከረከራል፣ ቆራጩም በመፍጫው ፍጥነት ይነዳል።

በወንጂ ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የብዙ ሠራተኛና የልጆቹ ጥርስ ጠቆረ፤ ለብዙ ዓመት የጠጡት አጥንታቸው ታመመ፣ ጀርባቸው ጎበጠ። ስኳሩ በኩንታል ተቆጠረ፤ በስኳሩ ሒሳብ ውስጥ ግን የጎበጠ ጀርባ የሚገባበት ዓምድ የለም።

በ1975 ደርግ ኩባንያውን ወረሰ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ሰዓቱስ? በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የሠራተኛ አዋጅ የሥራ ማቆም መብትን በተግባር አነቀው። በ1963 የተቋቋመው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ፈርሶ፣ በ1977 በመንግሥት የሚመራ ማኅበር ተተካ። ከዚያ የምርት ዘመቻና የኮታ ዘመን መጣ። ቆራጩ «ልኩ በዛ» ቢል፣ ቀድሞ የኩባንያው ጠላት ይባል የነበረው አሁን የአብዮቱ ጠላት ሊባል ሆነ። የባለቤትነት ወረቀት መለወጡ ብቻውን ሰዓቱን ወደ ሠራተኛው እጅ እንደማያሻግር ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከዚያ ወዲህስ? በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን የሠራተኛውን ሐሳብ ይጠይቃል፤ በዚህ ከቴይለር ይሻላል። ነገር ግን ከሐሳቡ የተገኘው ትርፍ ለማን ይሂድ የሚለውን ጥያቄ በራሱ አይመልስም። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደዘገቡት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ፤ ከዚያ በኋላም ዓመታት ያለ ውሳኔ አለፉ።

ጓዶች! እኛ ሰዓቱን በሁለቱም ጫፍ እናውቀዋለን። ቀን የምንማረው እንዴት እንደሚያዝ ነው፤ ማታ አንጓችን ላይ ታስሮ እናየዋለን። ይህ ዕድል ለብዙ የአገራችን መሐንዲሶች አልገጠማቸውም። ስለዚህ ስለ ምርታማነት ማንኛውም ዕቅድ ሲቀርብልን፣ ወይም እኛው ስናቀርብ፣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ልኩን ሲወስኑ ሠራተኛው ነበረበት ወይ? ከጨመረው ምርት ድርሻው ስንት ነው? «አይሆንም» ብሎ ከነእንጀራው መቆየት ይችላል ወይ? ሦስተኛው ከሌለ የፊተኞቹ ሁለቱ የካቦው ቸርነት ናቸው፤ ቸርነት ደግሞ በማግስቱ ይነሣል።

ይህን በአገር ቤት ከመመኘታችን በፊት እዚሁ እንጀምር። ኤፍ.ኤን.ቪ. የተባለው የሆላንድ ሠራተኛ ማኅበር ጊዜያዊ ሠራተኞችንም በአባልነት ይቀበላል፤ ከመካከላችን ግን ስንቶቻችን ገብተናል? በመጋዘንና በአትክልት መስተዋት ቤቶች የምንሠራ አባላት የተመደበልንን ልክ፣ የዕረፍት ሰዓታችንንና የተባረሩትን ጓዶች ሁኔታ ጽፈን ለሚቀጥለው የጥናት ክበብ እናምጣ። ሙርዋይክ ላይ ለአንድ ወገቡ ለታመመ ጓድ ያልቆመ ሰው፣ ወንጂ ላይ ለሺህ ቆራጮች እቆማለሁ ቢል ማን ያምነዋል?