የአሪዞናው ሆኪ ቡድን ስንብት፦ ክለብን ከከተማው የሚነቅለው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2024 ምሽት የአሪዞና ኮዮቲስ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ኤድመንተን ኦይለርስን በሜዳው 5 ለ 2 አሸነፈ። የደጋፊዎቹ ስሜት ግን የድል ሳይሆን የስንብት ነበር። በማግስቱ የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የክለብ ባለቤቶች ጉባኤ ተጫዋቾቹ ወደ ዩታ ግዛት ዋና ከተማ፣ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ እንዲዛወሩ አጸደቀ። በፊኒክስና በአካባቢዋ ከ1996 ጀምሮ የዘለቀው ታሪክም በዚሁ ተቋጨ።

እግር ኳስን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በአብዛኛው ዓለም የተዳከመ ክለብ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል እንጂ ከተማውን አይለቅም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ግን መውረድ የሚባል ነገር የለም። ቡድን ማለት ከሊጉ የተገኘ የንግድ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የባለሀብቱ እንጂ የከተማው አይደለም። ስለዚህ ችግር ሲበረታ የሚለወጠው የክለቡ ደረጃ ሳይሆን አድራሻው ነው።

ኮዮቲስ ራሱ ወደ አሪዞና የመጣው ከካናዳዋ ዊኒፔግ ተነቅሎ ነው። በ2009 ባለቤቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ካናዳዊው ባለሀብት ጂም ባልሲሊ ቡድኑን ገዝተው ወደ ሃሚልተን ለመውሰድ ቢሞክሩም ፍርድ ቤት አልፈቀደላቸውም፤ ሊጉ ራሱ ገዛው። አዳራሹ የሚገኝባት የግሌንዴል ከተማም ቡድኑ እንዳይሄድባት በሁለት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ይሁንና ውለታው ፍቅርን አላጸናም። በ2015 የከተማዋ ምክር ቤት የኪራይ ውሉን ለማፍረስ ድምፅ ሰጠ፤ በ2022 ደግሞ ቡድኑ አዳራሹን ለቅቆ 5,000 ያህል ተመልካች ብቻ በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠለለ።

የመጨረሻው ተስፋ የቴምፒ ከተማ ነበረች። 2.1 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የአዳራሽና የመዝናኛ ሰፈር ዕቅድ በሜይ 2023 ለሕዝብ ቀርቦ ነዋሪዎቿ በድምፃቸው ውድቅ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ቡድኑ የራሱ ቤት የሚያገኝበት መንገድ ጠበበ።

ብዙዎች ጥፋቱን በበረሃው ሙቀት ያላክካሉ። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በበረሃ የምትገኘው ላስ ቬጋስ በ2017 ሊጉን ተቀላቅላ በ2023 የስታንሊ ዋንጫን አነሣች። በተቃራኒው በረዶ የማይጠፋባት፣ ሆኪን ከልብ የምትወደው የካናዳዋ ኬቤክ ሲቲ በ1995 ቡድኗን ለዴንቨር አስረክባለች። ልዩነቱን የፈጠረው የአየር ጠባይ ወይም የደጋፊ ፍቅር ብቻ ሳይሆን የአዳራሽና የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ከተከራየበት ቤት በቂ ገቢ የማያገኝ፣ ባለቤቱም በየጊዜው የሚለዋወጥ ቡድን ሥር ሊሰድ አይችልም።

የገንዘቡ ፍሰት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የዩታው ባለሀብት ራያን ስሚዝ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈሉ። ከዚህ 1 ቢሊዮኑ ለአሪዞናው ባለቤት ለአሌክስ ሜሩዌሎ፣ ቀሪው 200 ሚሊዮን ለሌሎች የሊጉ ክለቦች ባለቤቶች ደረሰ። ሲከስር የኖረው ቡድን ሲሸጥ ለባለቤቱ ሀብት ሆነ፤ እንዲቆይ ሲል የከፈለው ግብር ከፋይ ግን ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም።

አሁን ተራው የሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ከተማዋ አዳራሹን ለማደስና አካባቢውን ለማልማት የሽያጭ ግብሯን በግማሽ በመቶ ከፍ አድርጋለች። ነዋሪው ዛሬ በአዲሱ ቡድን ደስተኛ ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የግሌንዴል ተሞክሮ አንድ ነገር ያስተምራል፦ የሕዝብ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ቡድኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ቢሄድ ምን እንደሚከፍል፣ ቢሸጥም ከተማዋ ምን እንደምታገኝ በውል መጻፍ አለበት። የቴምፒ መራጮች እምቢ በማለታቸው ቡድኑን አጥተዋል፤ ግሌንዴል ግን እሺ ብላ ከፍላም አላስቀረችውም።