የላላ መሪ

እናቴ የአባቴን ቮልስ ትተው በታክሲ መሄድ ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። «መሪው ሌላ፣ ጎማው ሌላ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቮልስ መሪ ጎማው ሳይነቃነቅ ጠርዙ ላይ እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢላወስ ጤናማ ነው። የአባቴ አራት ጣት ይሄዳል።

አንድ መካኒክ የመሪ ሳጥኑን ብሎን ማጥበቅ ይበቃል ብሏቸዋል። እኔ ብሎኑ መጨረሻ ላይ ይነካ ባይ ነኝ። ሳጥኑ ይበልጥ የሚበላው መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ በሚሠራው መሃሉ ነው። እሱ እስኪጠብቅ ካጠበቃችሁት ስትታጠፉ ይይዛል፤ መሪውም በራሱ አይመለስም።

ቅዳሜ ሞተሩን አጥፍተን፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገን፣ አባቴ መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ አወዛወዙልኝ። እኔ ከታች መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰስኩ ተከተልኩ። እንቅስቃሴው ገብቶ ከማይወጣበት ነው ችግሩ። የመሪውን ዘንግ ከሳጥኑ የሚያገናኘው ክብ ላስቲክ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የእኛው ደህና ነው። ሳጥኑም የገባውን ያወጣል። የቀኙ ቴስቲና ላይ ስደርስ ግን ዘንጉ ሲሄድ ጎማው ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ለጣቴ ይሰማኛል።

በዚህ አላበቃሁም። ጎማውን በክሪክ አንስቼ (ጠንካራ ድጋፍ ሳታስገቡ ከሥር እንዳትገቡ!) ላይና ታቹን ይዤ ነቀነቅሁት። እዚህ ከላላ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፤ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። የእኛው አልላላም።

ቴስቲናው ሰኞ ይቀየራል። ከዚያ አላይመንት ማሠራት ግድ ነው፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል።