ዐረብኛ ለመማር የትኛው አፕ ይሻላል? መጀመሪያ ኒያችንን እንጠይቅ



ከወልድያም ከመርሳም በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዐረብኛ ለመማር የትኛውን አፕ እንጫን?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ፕሌይ ስቶር ከመግባታችን በፊት ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። ዐረብኛውን የምንፈልገው ለምንድን ነው?

አንዱ ቁርኣን ሲቀራ ትርጉሙ እንዲገባው፣ ኪታብ ገልጦ እንዲያነብ ይፈልጋል። ሌላዋ ፓስፖርቷን አውጥታ ጉዞዋን እየጠበቀች ነው፤ ሳዑዲ ስትደርስ ከአሠሪዎቿ ጋር መግባባት ትፈልጋለች። ሁለቱም «ዐረብኛ» ነው የሚሉት። የሚያስፈልጋቸው ግን አንድ ዓይነት ዐረብኛ አይደለም።

ከጂዳ የተመለሰች አንዲት የሀብሩ እህታችን ያጫወተችንን እንንገራችሁ። ከመሄዷ በፊት ለወራት በስልኳ ተምራ ነበር። በገባችበት ቤት ማዳሟ «ደሕሒን!» ስትላት፣ እሷ «ደህና» ያለቻት እየመሰላት ፈገግ ብላ ትቆማለች። ቃሉ ለካ በሂጃዝ ሰዎች አነጋገር «አሁን!» ማለት ነው። ስልኳ ያስተማራት «አል-አን» የሚለውን ነበር። «ሆን ብላ ነው የማትታዘዘኝ» ተብሎ ስንቴ እንደተጮኸባት ስትነግረን አብረናት ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ አሳሰበን። ይኸው ክፍተት «አሞኛል» በምትልበት ቀን፣ ወይም «ደመወዜ አልተከፈለኝም» በምትልበት ቀን ቢመጣስ?

አብዛኞቹ አፖች የሚያስተምሩት ፉስሓውን፣ ማለትም የመጽሐፍና የዜና ዐረብኛውን ነው። «እፈልጋለሁ» ለማለት «ኡሪዱ» ይላሉ፤ የሳዑዲ ሰው ቤቱ ውስጥ «አብጋ» ወይም «አብጊ» ይላል። «ምን?» ለማለት «ማዛ» ያስተምራሉ፤ ጂዳ ውስጥ የምትሰሙት «ኤሽ» ነው። ፉስሓ የቁርኣናችን ቋንቋ ነውና የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለሥራ የምትሄድ እህት ፉስሓ ብቻ ይዛ ከሄደች ግማሽ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው።

ሁለተኛው ጉዳይ አፑ በምን ቋንቋ ነው የሚያስተምረን የሚለው ነው። በሰፊው የሚታወቀው ዱዎሊንጎ በነጻ ይጀመራል፤ ፊደል ለማስለመድም ይጠቅማል። ሆኖም ዐረብኛን በአማርኛ የሚያስተምር ኮርስ የለውም፤ በእንግሊዝኛ ነው የምንገባው። እንግሊዝኛው ያልጠናበት ልጅ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። አንኪ የሚባለው ደግሞ ራሱ ትምህርት የለውም። ካርዱን የምናዘጋጀው እኛው ነን፤ በአንድ በኩል ዐረብኛውን፣ በሌላው አማርኛውን እንጽፋለን፣ ድምፅም እንጨምራለን። የረሳነውን ቃል ቶሎ ቶሎ፣ የያዝነውን አልፎ አልፎ መልሶ ያመጣልናል። በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፣ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። ካርዶቹ አንዴ ስልካችን ላይ ከገቡ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ ሆና መብራትም ኔትወርክም አጥታ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ትምህርቱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ኔትወርኩ ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል።

ሦስተኛው አፉ ነው። በፊደላችን «አ» እና «ዐ» ሁለት ናቸው፤ በአማርኛ ስንናገር ግን አንድ ሆነዋል። «ሀ» እና «ሐ»ም እንዲሁ። በዐረብኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ሲሆን «አሊም» አሳማሚ ማለት ነው። ሁለቱም ቁርኣን ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው። አንደኛው የአላህ ስም፣ ሌላኛው የቅጣት መገለጫ! ስልኩ አረንጓዴ ምልክት ሰጥቶ ያሳለፈንን አነባበብ ኡስታዙ አንዴ ሰምቶ «ከጉሮሮህ አውጣው» ይለናል። የኡስታዝን ጆሮ የሚተካ አፕ እስካሁን አላየንም።

ደግሞ እኛ የጁዎች ይህን ከሌላ ሰው መማር አልነበረብንም። ዳና ማን እንደነበረች አያቶቻችንን እንጠይቅ። ዳንዩል አወል ተብለው ከሚታወቁት ከሸህ አሕመድ ኢብን አደም ጀምሮ፣ ደረሶች ስንቃቸውን አንግበው ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ነሕውና ሶርፉን ከሸሁ ፊት ቁጭ ብለው፣ ቃል በቃል በአማርኛ እየተፈታላቸው ቀርተዋል። ያን ዕውቀት ያቆየው በአንድ በኩል ኒያው፣ በሌላ በኩል ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ሰው መኖሩ ነው።

ዘይድ ኢብን ሣቢትንም (ረ.ዐ) እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ ባዘዟቸው ጊዜ ግማሽ ወር ሳይሞላ እንደቻሉት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ቋንቋው ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ደብዳቤ ለመጻፍና የመጣውን ለማንበብ። እኛ ግን «100 ቀን ሳላቋርጥ» የሚለውን ምልክት ፎቶ አንስተን ስንለጥፍ፣ በ100 ቀን ውስጥ አንድ ሰው በዐረብኛ አናግረን እንደሆነ ራሳችንን አንጠይቅም።

«ስልክ ፊትና ነው፣ አርቁት» የሚሉ ታላላቆቻችን ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ልጁ ስልኩን አይጥለውም። ስለዚህ ለበጎ እናውለው። የምንለው ይህን ነው።

ለቁርኣንና ለኪታብ የምትማሩ፣ መድረሳ ግቡ። የመዲና ዩኒቨርሲቲን «ዱሩሱል ሉጋ» ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ ወይም ኡስታዛችሁ የመረጡላችሁን ኪታብ ያዙ። አፑ የቤት ሥራችሁ ረዳት ይሁን።

ለሥራ የምትሄዱ ደግሞ ከአፕ በፊት ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ፈልጉ። መርሳ ውስጥ በየሰፈሩ አሉ። ብዙዎቻችን «ምን ይዛ መጣች?» ብለን ሻንጣዋን እንጂ አንደበቷን አላየንም። የሕመም፣ የደመወዝ፣ የአድራሻ፣ የ«አልፈልግም» ቃላትን በራሷ ድምፅ ትቅዳላችሁ። በቀን 10 ቃል ቢያዝ በወር 300 ይሆናል።

የወልድያና የመርሳ የጀመዓ ወጣቶች ይህን አንድ ላይ ብትሠሩት፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ቢተላለፍ፣ ከየትኛውም አፕ የሚበልጥ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆናል ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ በስደት ያሉ እህቶቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን። ለምትሄድ እህት ሼር አድርጉላት።