ካልኩለስን ያለ አስተማሪ?

በቡላኦስ ያሉ አንዳንድ የ11ኛ ክፍል ልጆች የ12ኛን ሒሳብ፣ ካልኩለሱን ጭምር፣ «ለብቻችን እንጀምረው ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጀምሩ እንላለን፤ ግን በፊት ፈንክሽንና ትሪጎኖሜትሪ ላይ ራሳችሁን ፈትኑ። የመልሱን ገጽ ሳያዩ መሥራት ካቃተ ሊሚት ውስጥ ገብቶ መንገላታት ነው።

ትልቁ ጣጣ ቋንቋው ነው። የአገራችን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ የጅቡቲው ባካሎሪያ ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። እኛ 3.5 የምንለውን እነሱ 3,5 ብለው ይጽፉታል። ልጁ ሒሳቡን እያወቀ በአጻጻፉ ይደናገራል። ስለዚህ ወላጆች፣ የት እንደሚፈተን ሳትወስኑ መጽሐፍ አትግዙ። ለባካሎሪያው ከሆነ ቢከብደውም በፈረንሳይኛው ይጀምር። «ሦስተኛ አገር ስንሄድ ይማረዋል» በሚሉት ግን አንስማማም፤ ተራው እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ሁላችንም እናውቀዋለን።